ከማደያው በታች ያለው ጉድጓድ

ሰኞ

ሸተተኝ። ቆፋሪው ገና እስከ ወገቡ ሳይገባ። መጀመሪያ የልብሱ ሽታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አፈሩ ራሱ ተለውጦ መውጣት ጀመረ፤ ከላይ ቀይ፣ ከስር አመድማ፣ እርጥብ፣ በጣት ሲያሹት የሚያዳልጥ። ቤንዚን። ወይም ናፍጣ። ወይም ሁለቱም። የሰቆጣው ማደያ ከጦርነቱ ወዲህ ተዘግቷል። መቅጃዎቹ ተነቅለዋል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የለም። ታንከሮቹ ግን አሁንም መሬት ውስጥ ናቸው። ባዶ ናቸው ይባላል። ከፍቶ ያየ ሰው ግን አላገኘሁም።

ቦታው ላይ መዋዕለ ሕፃናት ሊሠራ ታስቧል። እኔ ከቢሮ የተላክሁት አፈሩን አይቼ «ምንም የለበትም» እንድል ነው። እንዲያ ብሎ የነገረኝ የለም። ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ከማደያው ጀርባ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ የመጀመሪያው ቤት የእማማ ይርገዱ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ የደሃና ወረዳ ሰው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ጓሯቸው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ቧንቧው ሲጠፋ (ሁሌ ይጠፋል) እሳቸውና አጠገባቸው ያሉት ከዚያ ይቀዳሉ። ናሙና ልውሰድ ብዬ ገባሁ። መቅጃቸው አናቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ነው፣ ገመድ የታሰረበት። ስስበው ውሃው ላይ ስስ ቀለም ተንሳፍፎ መጣ። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ሲነኩት የሚሸሽ። አየሁት። ማየቴንም እሳቸው አዩ።

«እስቲ አሽትቺልኝ ልጄ» አሉኝ። «አርጅቼ ይሆን? ሰሞኑን ላምባ ላምባ ይለኛል።»

አይጠጡት። ማለት የነበረብኝ ይህን ብቻ ነው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይሄ ጀሪካን በፊት ምን ነበር የሚያዝበት?»

«እኔ ምን አውቄ! ሲሳይ ነው የሰጠኝ፣ ያ ጎረቤቴ። ባልዲዬ ሲሰበር እሱ ቆርጦ፣ ገመድ አስሮ አመጣልኝ። እግዜር ይስጠው።»

ሲሳይ መንገድ ዳር ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ለባጃጆች የሚሸጠው ሰው ነው።

«እንግዲያ ጀሪካኑ ይሆናላ» አልኳቸው።

ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ። ከእርጅና አይደለም፣ ከውሃም አይደለም። ጀሪካን ነው። ጀሪካን ይታጠባል።

ስወጣ አልዋሸሁም እያልኩ ነበር። ይሆናል ነው ያልኩት። መንገዱን ሁሉ እንዲህ ስል ሄድኩ።


ማክሰኞ

በረዶ ፍለጋ ተንከራተትኩ። መብራት ጠፍቷል፤ ናሙናዎቹ ደግሞ ሳይሞቁ መድረስ አለባቸው። አንዲት ግሮሰሪ ያላት ሴት ከፍሪጇ ስር ገና ያልቀለጠ አወጣችልኝ። «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ። «ለመድኃኒት» አልኳት። ምን ሆኜ ነው እንዲህ በየመንገዱ የምዋሸው?

ጠርሙሶቹን አሽጌ በወልድያ አውቶብስ ላክሁ። ከዚያ እስከ ላቦራቶሪው ሌላ መኪና፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን። ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

አቶ አምሳሉ፣ የቡድን መሪዬ፣ ያየሁትን ሁሉ አዳመጡኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሙሉ፣ ውጤት ሳይመጣ ለሰው እንዳትናገሪ።»

«ሴትዮዋ እየጠጡት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ነገ ሄደሽ አትጠጡ ስትያቸው ምን ጠጡ ልትያቸው ነው? ቦቴ አለን? ቧንቧው ይመጣል? ውሃ ሳትሰጪ ውሃ አትንሺ።»

ዝም ያልኩት መልስ ስላጣሁ ብቻ አይደለም። ጠረጴዛቸው ላይ የዝውውር ማመልከቻዬ ነበር፤ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ እናቴ። በዚህ ሳምንት አየዋለሁ ብለውኛል። ይህንን ከዚያ ጋር አላያያዙትም። ያያያዝኩት እኔ ነኝ።


ረቡዕ

የውሃውን ጥልቀት እለካለሁ ብዬ ሄድኩ። ለክቼዋለሁ። መለካት አያስፈልገኝም ነበር።

እማማ ይርገዱ ጀሪካኑን በአመድና በአሸዋ ፈትገው አጥር ላይ ሰቅለውታል። ፀሐይ እየመታው ነበር። ጎበዝ ተማሪ የሠራውን ለአስተማሪ እንደሚያሳይ አሳዩኝ።

«አሁንስ?»

አሸተትኩ። ጀሪካኑ አይሸትም። ምንም አይሸትም።

«ደህና ነው» አልኩ።

ደስ አላቸው። ቅዳሜ የማርያም ጽዋ ማኅበር ተረኛዋ እሳቸው ናቸው። ድፍድፉ ደርሷል፣ ነገ ውሃ ይጨመርበታል። ጌሾውን ከየት እንዳስመጡት፣ ብቅሉን ማን እንደፈጨላቸው ነገሩኝ። አምና ተራቸው ሲደርስ ታመው ሌላ ሴት ተክታቸው ነበርና ዘንድሮ ያንን መካስ አለባቸው። «የይርገዱን ጠላ የቀመሰ ሌላ ቤት አይረጋም ይሉ ነበር ድሮ» አሉኝ። «አንቺም ትመጫለሽ። እንግዳዬ ነሽ።»

እመጣለሁ አልኩ።

ያላልኳቸው፦ ድፍድፉ ላይ ከዚህ ውሃ እንዳይጨምሩ። ሲሳይ ምንም እንዳላደረገ። ከማደያው በታች መሆናቸውን። እኔ የማውቀውን።


ሐሙስ

ገብርኤል። ቤቴ ቀረሁ፣ አመመኝ ብዬ። አላመመኝም።

የታሸገ ውሃ ገዛሁ። ሱቁ የሚገኘው በእማማ ይርገዱ በር በኩል ነው። ጠርሙሱን ከነጠላዬ ስር አድርጌ አለፍኩ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ሰርቄ እንደምሄድ። ከጓሯቸው የገመድ ድምፅ ይሰማል። እየቀዱ ነው።

አልቆምኩም።


ዓርብ

ከሩቅ ጩኸታቸውን ሰማሁ። ባጃጆች በሚሰለፉበት፣ ሲሳይ ጠርሙሶቹን በሚደረድርበት ቦታ፣ እማማ ይርገዱ የተቆረጠውን ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። ጠላውን ቀምሰውት ነበር። አፋቸው ውስጥ ቤንዚን ቀርቷል።

«ጠላዬን ገደልክብኝ! ለማርያም የደገስኩትን!»

«እማማ፣ ማርያምን የዘይት ጀሪካን ነው! የሚበላ ዘይት! ከሱቅ ነው ያገኘሁት።»

«የዘይት! ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ዘይት የነካኸው? እጅህን እስቲ አሽተው!»

ባጃጅ ነጂዎቹ ይስቃሉ። አንዱ ከወንበሩ ሳይወርድ «ሲሳይ፣ ለጽዋም መሙላት ጀመርክ እንዴ? ሊትሩ ስንት ገባ?» አለ። ሌላው «ክብሪት እንዳትጭሩ፣ ማኅበርተኛው ይነዳል!» አለ። ሲሳይም ሊስቅ ሞከረ። ከንፈሩ ግን እምቢ አለው። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ የፃግብጂ ወረዳ ልጅ። ለሰው ዕቃ ቆርጦ፣ ገመድ አስሮ የሚያመጣ ሰው።

ከመብራት እንጨቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። አየኝ።

«ይኸው ባለሙያዋ! የኔ እህት፣ አንቺ ነሽ ውሃውን የቀዳሽው። እስቲ ንገሪያቸው። ጀሪካን ነው?»

ሁሉም ዞሩ።

«ውጤቱ ገና አልመጣም» አልኩ።

እውነት ነው። ውጤቱ አልመጣም። እውነትን እንዲህ አድርጎ መጠቀም እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሲሳይ ትንሽ ጠበቀኝ፣ ሌላ የምጨምረው ካለኝ ብሎ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ማስተካከል ጀመረ። እማማ ይርገዱ ጀሪካኑን እግሩ ስር ጥለው ሄዱ።

ማታ እራት አልበላሁም። ይህን ስጽፍ እንኳ ለራሴ ቅጣት እንዲመስልልኝ ነው። አልራበኝም ነበር፣ ያ ብቻ ነው።


ቅዳሜ

ማርያም። ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማ ይርገዱ ቤት ገባ። ሄድኩ። አለመሄድ ይሻል ነበር፤ ግን እመጣለሁ ብያለሁ። (የምጠብቀው ቃል ይህ ሆነ።)

ጠላው የሰው ጠላ ነው። ከጎረቤት ለምነው፣ በሰው እንስራ የመጣ። እማማ ይርገዱ ሲቀዱ ለማንም ቀና ብለው አላዩም። ልማዱ ነውና መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዋንጫ ራሳቸው ይቀምሳሉ፤ ዛሬ ሲቀምሱ ግን የሌላ ሴት እጅ ነው የሚቀምሱት። ማኅበርተኛው ጨዋ ነው፣ ማንም አልጠየቀም። አለመጠየቃቸው ባሰ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሽ ደሳለኝ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «ይርገዱ፣ ሰው ላይ የማይደርስ የለም። ጽዋው ሞልቷል፣ ይበቃል» አሏቸው።

ያኔ ነው ያለቀሱት። ሁሉንም ነገሯቸው፤ ጀሪካኑን፣ ሲሳይን፣ ድፍድፉን። ቀጥለውም፦

«እኔ ብቻ አይደለሁም ያልኩት። ይቺ የመንግሥት ሠራተኛዋ እንኳ ጀሪካኑ ነው ብላኛለች።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። አላመጥኩ። እስኪያልቅ ጠበቁኝ። ዳቦው አለቀ። እኔ ማላመጤን ቀጠልኩ።

በዚህ መሀል በሩ ላይ ሲሳይ ቆመ። ማንም አልጠራውም። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ታጥቦ ነው የመጣው። ሽታው እንዳይኖርበት መሰለኝ። ደጃፉን አላለፈም።

«ጽዋው ባለበት ልናገር» አለ። «ጀሪካኑ ቤንዚን ይዞ አያውቅም። ይዞ ከሆነ ማርያም ትፍረድብኝ። ልጄን አታሳየኝ።»

የነፍስ አባታቸው ቄስ እጃቸውን አነሱ። «ተው! በልጅህ አትማል! ማን ማል አለህ?»

«ማንም አላለኝ አባ። ሰው ስላላመነኝ ነው።»

እማማ ይርገዱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከጥግ አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ፣ ግን እንዲሰማ፣ «ነዳጅ ሻጭ መሐላ መች ይከብደዋል» አለች። ሲሳይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ዓይኑ እኔን አልፈለገም። ትናንት ፈልጎኝ ነበር፣ ዛሬ ተወኝ።

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ተናገረ። የማውቀውን ያልተናገርኩ እኔ ብቻ ነኝ።


እሁድ

ነገርኳቸው።

እንዴት እንደምጀምር ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ ሳገኛቸው ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፤ ተቀመጪ አላሉኝም። ማደያው፣ አልኩ። ታንከሩ ያፈሳል፣ ወይም ድሮ አፍስሷል። አፈሩ ጠጥቶታል። ውሃው ከአፈሩ ስር ወደ እርስዎ ይወርዳል። ጀሪካኑ አይደለም። የላቦራቶሪውን ቁጥር እየጠበቅን ነው፤ እኔ ግን ቁጥር አያስፈልገኝም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ባፈላውስ?»

«ማፍላት አያጠራውም እማማ። እንፋሎቱንም መልሰው ይተነፍሱታል።»

«የቀረው ጠላስ?»

«ይደፋ።»

ቀና አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከሰኞ።»

«ሰኞ» አሉ። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ውሃ የጨመርኩበት ሐሙስ ነው።»

ቢሰድቡኝ እሰማቸው ነበር። በአጥሩ በኩል ለጎረቤታቸው በኽምጣኛ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኩም። ለእኔ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

ከዚያ ተነሥተው ከካቡ ላይ ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። አንዱን አነሱ፣ ቀለላቸው፤ ጣሉትና ሌላ አነሱ። ገባኝ። በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተበዳዩ ይቅር ሲለው ያወርድለታል። በአገሬም አለ። አባቴ ሲሸከም አይቻለሁ፣ በመሬት ድንበር ነገር። በዚህ ዕድሜያቸው ግን፣ በዚያ ቁልቁለት!

«እማማ ይስጡኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱንም እኔ ልሸከም።»

እጄን በክርናቸው ገፉት።

«ሲሳይን ሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ። የኔን እኔ እሸከማለሁ። አንቺ የራስሽን ፈልጊ።»

ፈለግኩ። ትልቅ አነሳሁ፣ ከዚያ ትልቅ ማንሳቴ ራሱ ለታይታ መሰለኝና ቀየርኩት። በኋላ ያም ለምቾቴ መሰለኝ። እሳቸው ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። «ድንጋይ ነው የምትመርጪ ወይስ ጫማ?» አሉኝ። ከሰኞ ወዲህ የነገሩኝ ቀልድ ይህ ብቻ ነው። ቀልድ መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም።

በመንገዱ ወረድን፤ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ። ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ቆሞ አየን። የቢሮ ባልደረባዬ ከባለቤቱ ጋር አለፈ፤ ሰላም ሊለኝ አፉን ከፍቶ ድንጋዩን አየና ዘጋው። አንገቴ ላይ ላቤ ይወርዳል። ከዚህ በፊት ማፈር ፊት ላይ የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር። ጀርባ ላይም ነው።

ሲሳይ እማማ ይርገዱን ከሩቅ ሲያይ ሮጠ። «ኧረ እማማ! ኧረ በማርያም! ምን ሆነው ነው!» ድንጋያቸውን አውርዶ ወርውሮ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል እሳቸው ቀደሙት። ተቃቀፉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ዓርብ በክብሪት ያሾፈው ልጅ ኮፍያውን አወለቀ።

የኔ ድንጋይ አልወረደም።

ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ሰኞ ያየሁትን፣ ያልኩትን፣ ዓርብ እዚሁ ቆሜ ያላልኩትን። ዝውውሩንም ጨመርኩ። ሲሳይ ስለ ጀሪካኑ ምንም አላለም። ፊቱ በሌላ ነገር ተለወጠ።

«እኛም ከዚያው ነው የምንቀዳው» አለ። «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ይህን ሳምንት ሁሉ ጠጥታለች።»

አላውቅም ነበር። ትናንት «ልጄን አታሳየኝ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር።

«ይቅር በለኝ» አልኩ።

«እኔ ይቅር ልልሽ እችላለሁ። በእሷ ፋንታ ግን እኔ አልናገርም» አለ። «ቁልቁለቱ ላይ ሌላም ጉድጓድ አለ። ሂጂና ንገሪያቸው። ከዚያ ማንም ያውርድልሽ።»

ሄድኩ። እማማ ይርገዱ አብረውኝ መጡ። በየደጃፉ እየቆምኩ ተናገርኩ፤ አማርኛዬ ያልገባቸው ጋ እሳቸው በኽምጣኛ ያስረዱ ነበር፣ ከእኔ አሳጥረው፣ ከእኔ አጥርተው። አንዳንዱ ተሳደበ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋችብኝ። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ምን እንጠጣ?» አሉኝ። «አላውቅም፤ ለጊዜው ከላይ ካለው የሕዝብ ቦኖ እንቅዳ» አልኩ። ሩቅ መሆኑን እነሱም ያውቃሉ።

መጨረሻው ቤት የጋሽ ደሳለኝ ነበር። ሰምተው ጨረሱ። ትናንት ዳቦዬን ሳላምጥ ያዩኝ እሳቸው ናቸው። በሁለት እጃቸው ድንጋዩን አነሡልኝ። «እኔ የተበደልኩት የለም» አሉ። «ግን መሽቷል፣ አንገትሽም አንገት ነው።»


ሰኞ

አቶ አምሳሉ ቀድመው ሰምተዋል። ሰቆጣ ውስጥ ድንጋይ ተሸክመሽ ዞረሽ ማን አይሰማም?

«ውሃ ሳትሰጪ ነሣሻቸው» አሉኝ።

«አዎ።»

አልተቆጡም። ስልካቸውን አንሥተው ስለ ቦቴ አንድ ሰው ጠየቁ። ስለ ነዳጅ ተነጋገሩ፣ ስለ ጎማ ተነጋገሩ፣ «እስቲ እናያለን» ተባብለው ዘጉ። ከዚያ ማመልከቻዬን ከጠረጴዛው አንሥተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

«አልፈረምኩትም። አልቀደድኩትምም።»

አመሰገንኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የላቦራቶሪው ውጤት አልመጣም። ጠርሙሶቹ ደርሰዋል ይላሉ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ነገር ገና ነው፤ ማንም ተወው አላለም፣ ማንም ጀምሩ አላለም። ሲሳይ ባለቤቱን ሆስፒታል ወስዷት ነበር። ለጊዜው ደህና ናት ብለዋታል፤ ይህንን እማማ ይርገዱ ነገሩኝ፣ በሩን ገርበብ አድርገው። ግቢ አላሉኝም። ነገር ግን አዲስ ባልዲ አቀበሉኝ።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቦኖው ወጣሁ። ሰልፉ ከአጥሩ አልፏል፤ የቁልቁለቱ ሰፈር ሁሉ እዚያ ነው። ያወቁኝ ፊታቸውን አዞሩ። የእማማ ይርገዱንና የራሴን ባልዲ መሬት አኑሬ ከኋላ ቆምኩ። ውሃዋ ክር መስላ ነው የምትወርደው።

ከፊቴ የቆመው ሲሳይ ነበር። ሰላም አላልኩትም፤ ሰላም ለማለት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። እሱም ዞሮ አላየኝም። ቆየን። ፀሐይዋ ጋራው ላይ ደረሰች። ከፊት አንዲት ሴት ቀድታ ወጣችና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሲሳይ የራሱን ዕቃ ወደፊት ገፋ። ከዚያ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሁለቱን ባልዲዎች አብሮ ሳበ።